እህቴ የሰፋቻት ጀልባ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ስላችሁ ቁልፍ የምትተክልና ጫፍ የምታጥፍ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ሰው በበሩ ሲገባ ገና አይታው የወገቡን ቁጥር ትናገራለች፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለወግ ያህል ነው። አርባ ዓመት ሰፍታለች። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ልብስ «ጠበበኝ» ተብሎ አልተመለሰባትም፤ የተመለሰ ካለም ጥፋቱ የባለቤቱ ሆድ ነው ትላለች። እኔ ታናሿ ነኝ። ፖስታ ቤት፣ የዕቃ መቀበያ መስኮት ላይ ነው የምሠራው። ባል የለኝም፤ ምላስ ግን አለኝ። የምኖረው ከእሷና ከባሏ ጋር ስለሆነ የማወራላችሁ ያየሁትን ነው።

ባሏን ጋሼ እለዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ካፒቴኑ ይለዋል፤ ካፒቴን ሆኖ ግን አያውቅም። ሐይቁን በሚያቋርጠው የሰው ማመላለሻ ጀልባ ላይ ሠላሳ ዓመት መሪ ጨባጭ ነበር። ወሬ ሲወድ አይጣል ነው! ስለ ንፋስ አንዴ ከጀመረ ራት ይቀዘቅዛል፤ እንግዳ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ግማሽ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከበዱ፣ ምላሱም ተሳሰረ። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሟ እህቴን ኮሪደር ላይ ጠርታ፣ «ምላሱም እግሩም አልሞቱም። ካልተጠቀመባቸው ግን እንደዚሁ ነው የሚቀሩት። መነሳት አለበት፣ መናገር አለበት፤ ያውም አሁን፣ ከዓመት በኋላ አይደለም» አለቻት።

ጋሼ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መጀመሪያ ላይ ቃል ሊያወጣ ሲሞክር የሚወጣው ድምፅ ለራሱም አስጠላው መሰለኝ፤ በቃ፣ ተወው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ «አንድ፣ ሁለት» ሲለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን እንደ ሰው ዕቃ ይሰጠዋል። እህቴ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አባበለችው። አንድ ቀን እንዲያውም «እስቲ ስደበኝ! ስደበኝና ድምፅህን ልስማው!» ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ዝም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች እኛ ቤት አንድ ሳምንት ይክረሙና ይንገሩኝ።

የጀልባው ነገር የመጣው በአንዲት ደንበኛ ነው። ቀሚስ ልትለካ የመጣች መምህርት መጽሔት ረስታ ሄደች። እህቴ ስታገላብጠው አንድ ሥዕል ላይ ደርሳ ቆመች። ቤት ውስጥ የሚሠራ ትንሽ የሸራ ጀልባ ነው። በልኩ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፤ ጠርዝና ጠርዙን በመዳብ ሽቦ ትሰፉታላችሁ፣ ከዚያ በሙጫ ታስሩታላችሁ።

«ይሰፋል ነው የሚለው?» አለችኝ።

«ይሰፋል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ይሄ ስፌት ነዋ!»

«እትዬ፣ ጀልባ ነው።»

«ይሁና! እኔ ደግሞ ያልሰፋሁት ምን አለ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሠላሳ ዓመት ውሃ ላይ የኖረ ሰው በአንድ ሁለት አይነሳም። ጀልባ ሲያይ ይነሳል» አለችኝ።

«ባይነሳስ?»

«ይነሳል አልኩሽ!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ እህቴ ውሃ ትፈራለች። የጀልባ ሰው አግብታ ስትኖር አንድም ቀን ጀልባ ላይ እግሯን አላሳረፈችም። ጋሼ በደህናው ጊዜ ስንቴ ለምኗታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ እኔ መሬቴን እወዳለሁ ብላ ትመልሰዋለች። እና ይህቺ ሴት ነች ጀልባ ያዘዘችው።

ካርቶኖቹ በእኔ መስኮት አለፉ። ሁለት ናቸው፣ ረጃጅምና ጠፍጣፋ፤ ባልደረቦቼ በር ነው ብለው ተወራረዱ። ቤታችን ከመንገዱ ጋር ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሰፊ ክፍል የስፌት ቤትም ሳሎንም ነው፣ የጋሼ መኝታ ደግሞ በሩ ወደዚያው ይከፈታል። እህቴ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ወደ ጥግ ገፍታ ወለሉን አስለቀቀች። «በበሩ ይወጣልሽ ይሆን?» ብሎ ያልጠየቃት ጎረቤት የለም። ኧረ ተዉ! እህቴ ሳትለካ የምትጀምር ሴት ናት? የሱቁ በር ባለ ሁለት ተከፋች ነው፤ ጀልባዋ ከነጎኗ ታልፋለች፣ ስንዝርም ይተርፋል።

ለጋሼ ግን «ቁም ሣጥን እየሠራሁ ነው» አለችው። ቀስ ብዬ ወቀስኳት። «ተስፋ ሰጥቼው ካልሆነልኝስ?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅሮ ነበር። እሱም ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም።

ሽቦውን በፒንሳ እየቆረጠች፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ እያሳለፈች፣ ጫፉን እየጠመዘዘች ሰባት ቀን ሰፋች። ከሥራ ስመለስ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ፤ ክፍሉ አዲስ እንጨት አዲስ እንጨት ይላል። የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። እህቴ እንጨቱ መሀል ተንበርክካ ለራሷ ታንጎራጉራለች። ለካስ ቤትም እንዲህ ይለሰልሳል! ሶፋው ላይ ጋደም ስል እንቅልፍ ሳይሆን አንድ ዓይነት መንሳፈፍ ይዞኝ ይሄዳል። በዚያ መሀል በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በመኝታው በር አሻግሬ ሳይ ጋሼ ፊቱን ከግድግዳው አዙሯል። ዓይኑ የእህቴ እጅ ላይ ነው። ሳየው ጨፈነ። እንደ ሞኝ ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ሄዳ ትጨቀጭቀዋለች፣ እሱም መልሶ ይዞራል ብዬ ነው።

በሰባተኛው ቀን ተርታውን ጨርሳ ጠራችኝ። ሁለቱ የታች ገበታዎች በአንድ ጠርዝ ተሰፍተው ተደራርበው ተኝተዋል፤ እንደ መጽሐፍ ሲገለጡ የጀልባዋ ሆድ ይሆናሉ። በአንድ ወገን እሷ፣ በሌላው እኔ ይዘን ገለጥነው። አቤት እንጨቱ ሲያምር! ጥርት ያለ፣ የማር መልክ ያለው። «አየሽልኝ?» አለች፤ ፊቷ በራ።

ያኔ ከመኝታ ቤት ድምፅ ሰማን። ትን ያለው መስሎን እየተሯሯጥን ገባን። ጋሼ ትራሱ ላይ ተደፍቶ ይንቀጠቀጣል። እህቴ ጀርባውን ልትመታ እጇን አነሳች፣ ቀና ሲል ግን እንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቃል። ከስንት ወር በኋላ!

«ተ... ተገልብጧል» አለ።

«ምኑ?»

«ጀልባ... ቀሚስ... አይደለም።»

እህቴ ተመልሳ ሄዳ እንጨቱን አየችው፤ እኔም አየሁት። ጨርቅ ሲሰፋ ሁልጊዜ ፊትና ፊቱ ይጋጠማል፤ መልኩ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ። ኋላ ሲገለጥ ስፌቱ ይደበቅና መልኩ ይወጣል። ኮምፔንሳቶውም መልክና ጀርባ አለው። እህቴ መልክና መልኩን አጋጥማ ሰፋችዋ! አርባ ዓመት የለመደ እጅ ጭንቅላትን መች ይጠይቃል? ያማረው ፊት ሁሉ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገብቷል፤ ቋጠሮ ያለበትና ቁጥር የታተመበት ጀርባ ወደ ውጭ ወጥቷል። መልኩስ ይቅር፤ ጠርዙ ለመጋጠሚያ ብለው በአንድ ወገን በሰያፍ ልገውታል፣ ሲገለበጥ ሰያፉ ወደ ውጭ ሆኖ በስፌቱ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። መመሪያው ላይ ትልቅ ቀስት ተሥሏል። እህቴ ግን መመሪያ አይታ ሰፍታ አታውቅም።

እኔ ታለቅሳለች ስል እሷ ወደ መኝታ ቤቱ ዞረች።

«ሰባት ቀን! አንተ ሰውዬ፣ ሰባት ቀን ሙሉ እያየህ ዝም አልከኝ?»

ጋሼ ቃሉን አንድ በአንድ ፈልጎ አወጣው። «ቁም... ሣጥን... ነው... አልሽኝ።»

በቃ፣ እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እህቴም ፒንሳዋን ይዛ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። ከዚያ ኮስተር ብላ እጇን ዘረጋችለት። «ይህን ያህል ካወቅህ ተነስና አሳየኝ!»

ተነሳ። ግድግዳውን በግራ እጁ እየተደገፈ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ከአልጋው እስከ ሳሎኑ ያለችውን መንገድ በሙሉ በእግሩ መጣ። እንጨቱ አጠገብ ወንበር አስቀመጥንለት፤ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው። «ስፌቱስ... ጎበዝ ነው» አላት። እህቴ እንደዚያ ስታፍር አይቻት አላውቅም። ለሚያጣድፏት ደንበኞች ሁሌ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትል ነበር፤ በማግስቱ ሽቦውን ስትተረትር ያንኑ ተረት ጋሼ ራሱ ሊላት ሞከረ፣ ግማሹ ላይ ምላሱ ተያዘና እሷው እየተናደደች ጨረሰችለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት ሆነው ነው የሚታዩኝ። ሙጫው እንዲደርቅ ክፍሉ መሞቅ አለበት፣ አቧራም እንዳይነካው አይጠረግም፣ በኃይልም አይረገጥም። ስለዚህ ሁላችንም በካልሲ እንንሸራተታለን፣ ቀስ ብለን እናወራለን። ኮት ልትለካ የመጣች ደንበኛ ግማሽ ኮት ለብሳ፣ አንድ እጅጌ ተንጠልጥሎ፣ የጀልባዋን ጎን እየደባበሰች ቆማ ቀረች፤ መስታወቱንም አላየች፣ ኮቱንም ረስታ ወጣች። ስፌቱ ላይ የሚለጠፍ፣ ከመስታወት ክር የተሸመነ፣ የመስታወት ጨርቅ የሚሉት ነገር ነበር፤ እህቴ ጨርቅ መሆኑን ስታይ «እፎይ፣ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ!» ብላ እንደ ገበር ልክክ አድርጋ አለበሰችው። ጋሼ ሙጫና ማጠንከሪያ በግራ እጁ እያማሰለ ያዛል። መጀመሪያ አንድ አንድ ቃል ነበር፤ «ጓንት!» «ቀስ!» «ጨምሪ!» ከዚያ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ቃል ሲጠፋው ሽቦ ጠምዝዞ ያሳየናል። ሸራው ምን ጊዜ እንደሚሳብ፣ ገመዱ ምን ጊዜ እንደሚለቀቅ፣ መሪው ወዴት እንደሚገፋ አስተማረን፤ እህቴ ግን ግማሹን ነው የምትሰማው። «ነጂው አንተ ነህ፤ እኔ መሬት ላይ ቆሜ አጨበጭባለሁ» ትለዋለች።

ጀልባዋ ቀለም ለብሳ ስታልቅ ደስ ይለናል ብለን ነበር። ጋሼ ግን መልሶ ዝም አለ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመጣ ምክንያቱን አየሁት። እህቴ የለችም። እሱ የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ፣ ቀኝ እግሩን አንስቶ ወደ ውስጥ ሊያሻግር ይሞክራል። እግሩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ይነሳና ይወድቃል። አራት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ግንባሩን ጠርዙ ላይ አስደግፎ ቆየ። ምላስ አለኝ ያልኳችሁ እኔ ያን ዕለት በጓሮ በር ተመልሼ ወጣሁ፤ ለማንም አልተነፈስኩም።

ወደ ሐይቁ የወሰድናት በአንድ ጎረቤት የጭነት መኪና ነው። ጎሕ ቀዶ ነበር፤ ጭጋጉ ከውሃው ላይ ገና አልተነሳም፣ ውሃውና ሰማዩ አንድ መልክ ነበራቸው። ሾፌሩና እኔ ጀልባዋን ቁርጭምጭሚት ወደሚደርስ ውሃ አስገባናት። ነጭ ሸራዋን ሰቀልንላት። እህቴ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳለች፤ ብብቱ ይሰፋኛል ብላ አጥብባዋለች። ውሃ ውስጥ ትገባለች ብሎ ግን ያሰበ የለም።

ጋሼን በሁለት ወገን ይዘን አቀረብነው። ግራ እግሩን ተክሎ ቀኙን ሊያነሳ ሞከረ። ጠርዙ ላይ ተጋጨበት። ደግመን ሞከርን። ሾፌሩ ሊሸከመው ሲያጎነብስ ጋሼ በክርኑ ገፋው። «ተዉኝ» አለ። ከመኪናው ያወረድነው ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን ከሐይቁ አዞረ። ግድግዳውን ሲያይ የነበረው ፊት ነው፤ ያው ራሱ። ሐኪሟ ያለችው ጊዜ እጃችን ላይ ሲያልቅ ታየኝ።

እህቴም አየችው። እሱን አየች፣ ውሃውን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጀልባዋ ውስጥ ገባች።

«እትዬ! አብደሻል?»

«እኔ የሰፋኋትን ጀልባ ሳልለካት ወደ ቤት አልመልሳትም!»

ጋሼ ዞረ። «አ... አትችይም።»

«አውቃለሁ! ንገረኛ ታዲያ!» ብላ በመቅዘፊያው መሬቱን ገፋችው።

ንፋሱ ቀላል ነበር። ሸራው ግን ሞላና ጀልባዋ እንደ ተጠራች ሄደች። መጀመሪያ ያምር ነበር፤ ጭጋጉ ውስጥ ያለ ድምፅ ስትንሸራተት የማየው በዓይኔ ይሁን በእንቅልፌ አላውቅም ነበር። ከዚያ ንፋሱ ጠንከር አለ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ዘነበለች፤ እህቴ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የሙጥኝ ብላ፣ «ኡኡ!» አለች። ገመዱን በጨበጠች ቁጥር ሸራው ይጠብቃል፣ ሸራው በጠበቀ ቁጥር ጀልባዋ ትዘነብላለች።

«ል... ልቀቂ» አለ ጋሼ። ድምፁ ከእኔ አላለፈም።

«ልቀቂ!» ውሃው ዳር ደረሰ።

ሦስተኛው የማን ድምፅ እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። «ገመዱን ልቀቂው! እጅሽን ክፈቺ!»

ድፍን ሐይቁ ሰማው። ሾፌሩ ክው ብሎ ቀረ። እህቴ እጇን ከፈተች፤ ሸራው ተርገበገበ፣ ጀልባዋም ቀና አለች።

«አሁን መሪውን ግፊ! ወደ ሸራው ግፊው! ጎንበስ በይ! ጎንበስ! አዎ! አሁን ገመዱን ሳቢ፣ ቀስ፣ ቀስ ብለሽ! ጎሽ! ወደኔ ነይ! ዓይንሽ እኔ ላይ ይሁን!»

አንድ ቃል አልተሰናከለበትም ብላችሁ ውሸት ነው፤ ተሰናክሎበታል፣ ግን ሊያፍር ጊዜ አልነበረውም። እህቴ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ተመለሰች። እኔ እሷን ሳይ እሱን ረስቼዋለሁ፤ ጀልባዋ ስትቀርብ ነው ወንበሩ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ጋሼ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ማንም አልያዘውም።

የጀልባዋን ጠርዝ በግራ እጁ ያዘ። ሾፌሩ ገብቶ በዚያኛው ወገን ደገፈ። ውሃው ያን ከባድ እግር ወደ ላይ አነሳለት፤ ጋሼም በሆዱ ተንሸራቶ ጠርዙን ተሻገረና እህቴ እግር ሥር ዘጭ አለ፤ ሁለቱም በውሃ ራሱ። እህቴ በቡጢ ትከሻውን መታችው። «ልሞት ነበር እኮ!» አለችው። አንገቱን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።

ከዚያ መሪውን ያዘና ሄዱ። ፀሐይ ወጥታ ጭጋጉ እየተነሳ ነበር። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬ ውሃ እየጠጣ አለቀስኩ፤ ደስ ሲለኝ እንዲህ ነኝ፣ ምን ላድርግ። በውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ጋሼ ያወራል። ስለ ንፋሱ፣ ስለ ገመዱ፣ በአንድ የማዕበል ቀን ስለሆነው ነገር፣ ቃሉን እየጎተተ፣ እየደጋገመ፣ ሳያቆም ያወራል። ስደበኝና ድምፅህን ልስማው ብላ ስትለምነው የነበረችው ሴት በመጨረሻ፣ «ኧረ በሞቴ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ዝም በልልኝ!» ስትለው ሰማኋት።

ዝም አላለም።